በመስኮቱ ላይ የማይንቀሳቀሰው ነጥብ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከባሕር ዳር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው የማይተዋወቁ ቢሆኑም፣ በአንድ ጉዳይ ላይ ያነጣጠሩ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ፤ ይኸውም በትንንሽ አየር ማረፊያዎች ዙሪያ፣ በተለይም በበረራ ሥልጠና ጊዜ፣ አውሮፕላን ከአውሮፕላን ጋር እንዳይጋጭ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። ጡረታ ወጥቼ በጣና ዳር ከመቀመጤ በፊት ለብዙ ዓመታት ጀማሪዎችን በትንንሽ አውሮፕላኖች ሳሠለጥን የኖርሁ በመሆኔ፣ የዛሬውን አምድ በሙሉ ለእነዚህ ደብዳቤዎች ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ በጎረቤት አገር የአብራሪነት ትምህርት በመከታተል ላይ ይገኛል። በናይሮቢ አንድ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ከመንገደኞች አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ ሰዎች መሞታቸውን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ሰማይ ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ፣ ያውም በብርሃን፣ ሁለት አውሮፕላኖች እንዴት ይጋጫሉ? ልጄንስ በስልክ ሳገኘው ምን ብዬ ልምከረው?
እናት፣ ከሽምብጥ

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ የሰሙት አደጋ የካቲት 26 ቀን 2016 ዓ.ም. በናይሮቢ ዊልሰን አየር ማረፊያ አቅራቢያ የደረሰው ነው። ወደ ዲያኒ ለመሄድ ተነሥቶ የነበረና 44 ሰዎች ያሳፈረ ዳሽ 8 አውሮፕላን በሥልጠና ላይ ከነበረች አንዲት ሴስና 172 ጋር ተጋጨ፤ ትልቁ አውሮፕላን ተመልሶ በሰላም ሲያርፍ፣ በትንሿ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ግን ሕይወታቸው አለፈ። ስለዚህ ጭንቀትዎ ከመሬት የተነሣ ነው ብዬ ላጽናናዎ አልሞክርም። ይልቁንም ‹ሰማይ ሰፊ ነው› የሚለው አነጋገር አብራሪዎችን ራሳቸውን ሲያታልል የኖረ በመሆኑ፣ ነገሩን ፈታ አድርጌ ብመልስልዎ ይሻላል።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። በሐይቁ መካከል፣ ወደ ደቅ ደሴት በሚወስደው ውኃ ላይ፣ ሁለት ጀልባዎች ልጋጭ ብለው ቢፈላለጉ እንኳ መገናኘት ይቸግራቸዋል። ነገር ግን በአንድ የንግሥ ማለዳ፣ ወደ ገዳማቱ የሚሻገረው ምእመን በተሰበሰበበት ሰዓት፣ ወደብ ላይ ቆመው ቢመለከቱ፣ የሞተር ጀልባውም የደንገል ታንኳውም ሁሉም የሚፈልገው ያችኑ ጥቂት ሜትር የመሳፈሪያ ቦታ መሆኑን ያያሉ። የሐይቁ ስፋት በዚያች ቦታ ለማንም አይጠቅምም። አየር ማረፊያም እንዲሁ ነው፤ ከአራቱም ማዕዘን የመጣ አውሮፕላን በመጨረሻ የሚወርደው በአንድ ቀጭን የአስፋልት መስመር ላይ ነውና፣ ሰፊው ሰማይ እዚያ ሲደርስ እንደ በር ይጠብባል።

ሥልጠና ደግሞ ሰውን ከዚያ በር ላይ አያነሣውም። ጀማሪ ማረፍንና መነሣትን የሚለማመደው ሰርኪት በሚባለው ዙር ነው፤ አውሮፕላኑ ይነሣል፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ከማኮብኮቢያው ጎን ለጎን በተቃራኒው አቅጣጫ ይበራል፤ ይህ ክፍል ዳውንዊንድ ይባላል፤ ከዚያ ቤዝ በሚባለው ክፍል አድርጎ ይታጠፍና ፋይናል በተባለው የመጨረሻ መስመር ላይ ወደ ማኮብኮቢያው ይወርዳል። ከፍታው በአብዛኛው ከመሬት 1,000 ጫማ፣ ማለትም 300 ሜትር ያህል ነው። መንኰራኵሩ መሬት እንደ ነካ ሳይቆም እንደገና ይነሣና ያንኑ ዙር ይደግማል። መንገደኛ አውሮፕላን በዚያ ሥፍራ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ሲሆን፣ ልጅዎ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ እዚያው ይሽከረከራል።

‹በብርሃን› ስላሉት፣ እንዲያውም የአየር ላይ ግጭት የብርሃንና የጥሩ አየር ጠባይ አደጋ ነው። ሰማዩ በከፋበት ቀን ትንንሽ አውሮፕላኖች በዓይን እየተመሩ ሊበሩ ስለማይችሉ መጠለያቸው ውስጥ ይቀራሉ፤ የጠራ ቀን ሲመጣ ሁሉም ይወጣሉ። ሌላው ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነገር፣ አብዛኞቹ ግጭቶች ፊት ለፊት የሚደረጉ አለመሆናቸው ነው። ፈጣኑ ዘገምተኛውን ከኋላና ከበላይ ሲደርስበት፣ ሁለቱም ወደ አንድ ማኮብኮቢያ በመውረድ ላይ ሳሉ የሚሆነው ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2022 በካሊፎርኒያ ዋትሰንቪል፣ መቆጣጠሪያ ማማ በሌለው አየር ማረፊያ፣ በሰርኪት ላይ የነበረች ሴስና 152 ከሩቅ ቀጥ ብሎ በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ፋይናል ከገባ ባለ ሁለት ሞተር ሴስና 340 ጋር ተጋጭታ 3 ሰዎች ሞተዋል። ሁለቱም በሬዲዮ ይናገሩ ነበር።

በዚህ ላይ የክንፉ አሠራር ይጨመራል። እንደ ሴስና 172 ያለው አውሮፕላን ክንፉ ከጣሪያው በላይ ስለሆነ አብራሪው ወደ ላይ ማየት አይችልም፤ እንደ አንዳንዶቹ ፓይፐሮች ያለው ደግሞ ክንፉ ከመቀመጫው በታች ስለሆነ ወደ ታች ማየት አይችልም። ባለ ዝቅተኛ ክንፉ ከላይ፣ ባለ ከፍተኛ ክንፉ ከታች ሆነው በአንድ ፋይናል ላይ ከወረዱ፣ ሁለቱም በየበኩላቸው ባዶ ሰማይ ያያሉ። ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። አሠልጣኝ በነበርሁበት አንድ ትንሽ አየር ማረፊያ፣ ጠዋት፣ ፀሐይ ከኋላችን ሆና፣ ከሠልጣኜ ጋር ስለ ፍጥነቱ ስንነጋገር ሁለታችንም ዓይናችን መለኪያው ላይ ነበር። ቀና ስል ከፊታችን በማሳው ላይ የራሳችንን ጥላ አየሁ፤ አንድ አውሮፕላን ብቻ የነበረበት ማሳ ላይ ግን ሁለት ጥላ ነበር፤ ሁለተኛው የእኛን እየተጠጋ ነው። መሪውን ነጥቄ ወደ ቀኝ ወጣሁ፤ ያ አውሮፕላን በግራችን በኩል አልፎ አረፈ። አብራሪው እኛን እንዳላየን የነገረን ካረፈ በኋላ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ቡና ሲጠጣ ነበር። እኔም እንዳላየሁት አልደበቅሁትም።

ስለዚህ ልጅዎን ‹ተጠንቀቅ› ቢሉት ‹እሺ እማዬ› ብሎ ያልፈዋል። ይልቁንም ‹አሠልጣኝህ ሲያስረዳህ ውጭውን የሚያየው ማን ነው?› ብለው ይጠይቁት። በማሠልጠኛ አውሮፕላን ውስጥ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ ሁለት ሰው ስላለ አራት ዓይን ያለ ይመስላል፤ መምህሩ ተማሪውን፣ ተማሪው መለኪያውን ሲያይ ግን ውጭውን የሚያይ አንድም ዓይን የለም። ጥሩ አሠልጣኝ ረዥም ማብራሪያውን መሬት ላይ ይጨርሳል፤ በሰርኪት ውስጥ ከሁለት ሦስት ቃል በላይ አይናገርም። ልጅዎ ለጥያቄዎ ፈጥኖ መልስ ካለው ደኅና እጅ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ምእመናንንና ጎብኚዎችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የማመላልስ የጀልባ አንቀሳቃሽ ነኝ። በሐይቁ ላይ ከሩቅ የማየው ጀልባ ከበስተኋላው ባለው ተራራ ወይም ዛፍ አንጻር ወደ ኋላ ከቀረ ወይም ወደ ፊት ካለፈ አያሰጋኝም፤ ከዚያው ዛፍ ሥር ተተክሎ ከቀረ ግን እንደምንገናኝ አውቃለሁ። ይህ በአየር ላይም ይሠራል? መንገድ የሚለቀውስ ማን ነው?
ከወደብ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ ለሠልጣኞቼ በሦስት ቀን ሰሌዳ ላይ ሥዬ ያስረዳሁትን እርስዎ በሁለት መስመር ጽፈውታል። በአየር ላይም ሕጉ ያው ነው። በመስኮቱ ላይ ወደ ግራም ወደ ቀኝም፣ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚንሸራተት አውሮፕላን በፊታችን ወይም በኋላችን፣ በበላያችን ወይም በበታችን ያልፋል። በመስኮቱ አንድ ቦታ ላይ እንደ ዝንብ ኩስ ተለጥፎ የቀረው ነጥብ ግን ወደ እኛው የሚመጣ ነው። የሰው ዓይን የተሠራው የሚንቀሳቀሰውን ለመያዝ ነውና፣ የሚያሰጋውን አልፎ የማያሰጋውን ያያል፤ የነገሩ ክፋት እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ክፋት ነጥቡ የሚያድግበት መንገድ ነው። በየፊናቸው በ100 ኖት ፍጥነት የሚበሩ ሁለት ትንንሽ አውሮፕላኖች ፊት ለፊት ቢመጡ በየሴኮንዱ 103 ሜትር ያህል ይቀራረባሉ። አንድ አብራሪ ነገሩን ካየ በኋላ አውሮፕላን መሆኑን ለመለየት፣ ወደ እርሱ እንደሚመጣ ለመረዳት፣ ወዴት እንደሚታጠፍ ለመወሰን፣ መሪውን ለመጠምዘዝና አውሮፕላኑ እስኪታዘዘው ድረስ በጠቅላላው 12.5 ሴኮንድ እንደሚያስፈልገው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለአብራሪዎች ባዘጋጀው መመሪያ ሠፍሯል። ከዚህ ውስጥ እጅ ለመንቀሳቀስ የሚወስደው ግማሽ ሴኮንድ አይሞላም፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልቀው በመረዳትና በመወሰን ነው። በእኛ ምሳሌ 12.5 ሴኮንድ ማለት 1.3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሴስና 172 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11 ሜትር ስለሆነ፣ በዚያ ርቀት ላይ ስፋቱ ሙሉ ጨረቃን ያህላል፤ አካሉ ግን ከዚያ እጅግ የቀጠነ ነው። 25 ሴኮንድ ሲቀረው የጨረቃዋን ግማሽ፣ 50 ሴኮንድ ሲቀረው ሩቧን ብቻ ያህል ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ሴኮንዶች ግን መስኮቱን ይሞላዋል። ለረዥም ጊዜ ምንም ያልሆነ ነገር በድንገት ሁሉንም ነገር ይሆናል ማለት ነው።

እርስዎ ሐይቁን ስለሚያውቁት አንድ ነገር ልጨምር። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ አቧራውና የማሳ ቃጠሎው ጢስ ተደባልቆ ሲያንዣብብ፣ ከጣና ላይ ውኃው የት አልቆ ሰማዩ የት እንደሚጀምር የማይለይበት ሰዓት አለ። ዓይን የሚይዘው ነገር ሲያጣ ሩቅ ማየቱን ትቶ ሳያስታውቅ ከጥቂት ሜትር በማይርቅ ባዶ ቦታ ላይ ያርፋል። አብራሪው ሰማዩን እያየሁ ነው ብሎ ያምናል፤ በእውነቱ ግን የሚያየው ከአፍንጫው ፊት ያለውን ባዶ አየር ነው። መድኃኒቱ በየጊዜው አንድ ሩቅ ነገር ፈልጎ ማየት ነው፤ የዘጌን ደን ጥቁር መስመር ወይም የደሴት ጫፍ አይቶ ዓይንን ካረቁ በኋላ ወደ ሰማዩ መመለስ። ሌላው ደግሞ ዓይንን እንደ መጥረጊያ ከዳር እስከ ዳር አለማንሸራተት ነው፤ ዓይን በመሮጥ ላይ ሳለ ጥርት አድርጎ አያይምና። ሰማዩን በ10 ዲግሪ፣ በ10 ዲግሪ ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ ቢያንስ አንድ ሴኮንድ ማረፍ ያስፈልጋል። የመስኮቱ ምሰሶ የሚደብቀውም ብዙ ስለሆነ አንገትን ማስገግና ጭንቅላትን ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው፤ ባለ ከፍተኛ ክንፍ አውሮፕላን ደግሞ ከመታጠፉ በፊት በሚታጠፍበት በኩል ያለውን ክንፍ ጥቂት አንሥቶ ከሥሩ ይመለከታል።

መንገድ ስለ መልቀቅ የጠየቁት፣ ዓለም አቀፉ የአየር ሕግ ከመርከበኞች ልማድ ጋር የሚመሳሰል ነው። ሁለት አውሮፕላኖች ፊት ለፊት ከተገናኙ ሁለቱም ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። መንገዳቸው የሚቋረጥ ከሆነ፣ ሌላውን በቀኙ በኩል የሚያየው ይለቃል። ከኋላ ደርሶ የሚያልፍ፣ ወደ ቀኝ ወጥቶ ያልፋል፤ ቅድሚያው የሚታለፈው ነው። ለማረፍ ከሚወርዱት መካከል ዝቅ ብሎ ያለው ይቀድማል፤ ይሁን እንጂ በዚህ መብት ተጠቅሞ ከሌላው ፊት ለመግባት አይፈቀድለትም። ከእርስዎ ሙያ የሚለየን አንድ ነገር ነው፤ እርስዎ ሲጨንቅዎ ሞተሩን ቀንሰው መቆም ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በውጭ አገር መቆጣጠሪያ ማማ በሌለው አየር ማረፊያ በመሠልጠን ላይ የምገኝና ለዕረፍት ወደ ባሕር ዳር የመጣሁ ሠልጣኝ አብራሪ ነኝ። በቅርቡ ብቻዬን መብረር ጀምሬአለሁ። በሬዲዮ ሁሉም ሰው ያለበትን ይናገራል፤ እኔ ግን በጭንቅላቴ ውስጥ ሥዕሉን ማቀናጀት አልቻልሁም። በታብሌቴ ላይ የሌሎች አውሮፕላኖችን ቦታ የሚያሳይ መተግበሪያ ስላለኝ በእርሱ ላይ መተማመን ጀምሬአለሁ። ስሕተት ነው?

መልስ፦ ግማሹ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱ ግን የእርስዎ ብቻ አይደለም። ሥዕሉን መሥራት ያልቻሉት በሬዲዮ የሚናገሩት ሰዎች ሥዕል የሚሠራበት ቃል ስለማይሰጡ ሊሆን ይችላል። ጥሩ የሬዲዮ ንግግር አራት ነገር ብቻ ይዟል፤ ለማን እንደሚናገሩ፣ ማን እንደሆኑ፣ የት ቦታና በምን ከፍታ ላይ እንዳሉ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርጉ። የአየር ማረፊያው ስም መጀመሪያም መጨረሻም ላይ የሚጠራው በከንቱ አይደለም፤ ብዙ ትንንሽ ማረፊያዎች አንድ ሞገድ ስለሚጋሩ፣ የመጀመሪያው ቃል ሳይሰማ ያመለጠው አድማጭ ከሌላ ማረፊያ የመጣውን ንግግር የራሱ አድርጎ ሊደነግጥበት፣ የራሱን ደግሞ የሌላ አድርጎ ሊንቀው ይችላል።

ቦታ ሲጠሩ ለባዳ እንደሚነግሩ ሆነው ይጥሩ። በባሕር ዳር ሰማይ ላይ ሆኜ ‹ከዘጌ በላይ ነኝ› ብል የአገሩ ሰው ወዲያው ያየኛል፤ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚህ የመጣ አብራሪ ግን ዘጌ ደሴት ትሁን መንደር አያውቅም። ‹ከማረፊያው በሰሜን በኩል› ብዬ ርቀቱን በማይልና ከፍታውን በጫማ ብጨምር ሁለቱም ያገኙኛል። በማረፊያው የሚኖሩ ሰዎች ‹ከወተት ፋብሪካው በላይ› ብለው ሲናገሩ ቢሰሙ፣ አይፈሩ፤ ‹ከማረፊያው በየት በኩል ነው?› ብለው ይጠይቁ። በአንጻሩ ‹በአካባቢው ያላችሁ ሁሉ ያላችሁበትን ንገሩኝ› የሚል ጥያቄ መልቀቅ መጥፎ ልማድ ነው፤ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲመልስ የሚሰማው ፉጨት ብቻ ነውና። ከ10 ማይል ጀምሮ አድምጠው ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ባላስፈለገ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሬዲዮው ሊሠራ የማይችለውን ይወቁ። በብዙ አገሮች ማማ በሌለበት ማረፊያ ያለ ሬዲዮ መብረር የተፈቀደ ነው፤ ሬዲዮ ያለውም በተሳሳተ ሞገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ‹ማንም አልተናገረም› ማለት ‹ማንም የለም› ማለት አይደለም። የባሰው ደግሞ ‹አይቼዋለሁ› ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በሳንዲያጎ አንድ ቦይንግ 727 ለማረፍ ሲቃረብ፣ ከፊቱ አንዲት በሥልጠና ላይ ያለች ሴስና 172 እንዳለች ተነግሮት ነበር፤ አብራሪዎቹ አይተናታል አሉ፤ ከዚያ ከዓይናቸው ጠፋች፤ መጥፋቷን ግን መቆጣጠሪያው በሚገባው መንገድ አላሳወቁም። አልፋናለች ብለው ሲወርዱ ከበላይዋ ደረሱባት፤ መሬት ላይ የነበሩትን ጨምሮ 144 ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ከፊትዎ ያለውን አውሮፕላን አይተው ካጡት ‹አጥቼዋለሁ› ብለው ወዲያው ይናገሩ፤ ይህን በመናገሩ ያፈረ አብራሪ አጋጥሞኝ ያውቃል፤ ምን እንደሚያሳፍረው ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አሁን የማምነውን በአጭሩ ልንገርዎ፦ በሰርኪት ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው መከላከያ ሌሎች እርስዎን በሚጠብቁበት ቦታና ከፍታ ላይ መገኘት ነው። ሰው የሚያየው ሊያይ የጠበቀውን ነው። ወደ ዙሩ ሲገቡ በሰርኪቱ ከፍታ ላይ አስቀድመው ተስተካክለው፣ በጎን በኩል በ45 ዲግሪ ወደ ዳውንዊንድ መግባት በብዙ ቦታ የተለመደው መንገድ ነው፤ አገርዎ ሌላ ደንብ ካለው ያንኑ ይከተሉ። በየትም ቢሆን ግን ከላይ ወደ ዙሩ ውስጥ እየወረዱ አይግቡ፤ ከሆድዎ ሥር ያለውን አያዩምና። ቀጥ ብሎ ከሩቅ ወደ ፋይናል መግባት በብዙ አገር አልተከለከለም፤ እኔ ግን በሰርኪት ላይ ሠልጣኝ እያለ ይህን የሚያደርገውን ሰው አልወደውም፤ አምስት ደቂቃ ለማትረፍ ሌሎቹን ሁሉ ዙራቸውን ያስበጥሳቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ዳውንዊንዱን ያራዝሙ፣ በዓይንዎ አይተው በአጠገብዎ እስኪያልፍ ድረስ ወደ ቤዝ አይታጠፉ። ‹የኔ ተራ ነው› ብሎ የተከራከረ ሠልጣኝ ነበረኝ፤ ሕጉ ከእርሱ ጋር ነበር፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁለት ሳምንት ብቻውን እንዲበር አልፈቀድሁለትም።

ወደፊት እንደ ባሕር ዳር ባለ ከፍተኛ ቦታ ላይ የሚበሩ ከሆነ ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ። የዚህ ማረፊያ ከፍታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,820 ሜትር ገደማ፣ ማለትም ወደ 6,000 ጫማ የሚጠጋ ስለሆነ፣ 1,000 ጫማ ከመሬት በላይ ያለው ሰርኪት በመለኪያዎ ላይ 7,000 ያህል ነው የሚነበበው። አየሩ ሳስቶ ሳለ መለኪያው 90 ኖት ቢያሳይም አውሮፕላኑ በእውነት የሚጓዘው ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ ነው፤ የመታጠፊያ ራዲየስ በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ በባሕር ዳርቻ የለመዱት ያው መታጠፊያ እዚህ በሩብ ያህል ይሰፋል። ሞተሩም ስለሚደክም ከተነሡ በኋላ ወደ ሰርኪቱ ከፍታ ለመድረስ ረዥም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ዙርዎ ሳያስቡት ይለጠጣል፤ በመጨረሻም ሌሎች በማይጠብቁዎት ቦታ ላይ ይገኛሉ። የአየር ግፊቱን በከፍታ መለኪያው ላይ በትክክል መሙላትም ከዚህ አይተናነስም፤ በአንድ ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መስፈሪያ ነው) ስሕተት 28 ጫማ ያህል ስለሚለይ፣ 10 ቢሳሳቱ ራስዎን ከእውነተኛው ቦታ ወደ 280 ጫማ አርቀው አስቀመጡ ማለት ነው፤ ሁለት አብራሪዎች ‹1,000 ላይ ነኝ›፣ ‹1,300 ላይ ነኝ› ተባብለው በአንድ ከፍታ ሊገናኙ ይችላሉ።

ወደ ታብሌትዎ ስመለስ፣ ኤዲኤስ-ቢ የተባለው ዘዴ እያንዳንዱ አውሮፕላን የራሱን ቦታ እያወቀ በሬዲዮ የሚያሰራጭበት ነው፤ እጅግ ጠቃሚ ፈጠራ ነው፤ ከ10 ማይል ርቆ ያለውን ማን ዓይን ያያል? ነገር ግን ስክሪኑ የሚያሳይዎ የሚያሰራጩትን ብቻ ነው፤ ማሰራጫ የሌለው አሮጌ አውሮፕላን በላዩ ላይ የለም። ስለዚህ ወደ ማረፊያው ከመድረስዎ በፊት ይመልከቱት፣ የት በኩል ማየት እንዳለብዎ ይንገርዎ፤ ሰርኪት ውስጥ ከገቡ በኋላ ግን ከጭንዎ ላይ ያንሡት። የራስዎን ትራንስፖንደር፣ ማለትም ከውጭ በሬዲዮ ሲጠየቅ ስለ አውሮፕላኑ መልስ የሚሰጠውን መሣሪያ፣ ከእነ ከፍታው፣ የማረፊያ መብራትዎንም በቀን ጭምር አብርተው ይቆዩ፤ በዚህም ሌላው እርስዎን የማየት ዕድሉ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ መምህር፣ መኪና ያለ ሾፌር በሚሄድበት ዘመን ይህን ሁሉ በዓይን መሥራት ለምን አስፈለገ? ግጭት የሚከላከል መሣሪያ የለም?
ከፖሊ ግቢ

መልስ፦ አለ፤ ስሙም ቲካስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ ሴሪቶስ አንድ ዲሲ 9 ከአንዲት ትንሽ ፓይፐር ጋር ተጋጭቶ 82 ሰዎች ከሞቱ በኋላ፣ አሜሪካ ትልልቅ የመንገደኞች አውሮፕላኖች እንዲይዙት በሕግ አስገደደች። መሣሪያው የሌሎቹን ትራንስፖንደር እየጠየቀ አንዱን ውጣ፣ ሌላውን ውረድ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2002 በጀርመን ኡበርሊንገን ሰማይ ላይ አንዱ አብራሪ መሣሪያውን፣ ሌላው የመሬት ተቆጣጣሪውን ታዝዞ ሁለቱም ወደ ታች በመውረዳቸው 71 ሰዎች ሞቱ፤ ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ካዘዘ ከተቆጣጣሪው ይልቅ እርሱ እንደሚሰማ ደንቡ በማያሻማ መልክ ተጻፈ።

ይሁንና አብዛኞቹ ትንንሽ ማሠልጠኛዎች ይህ መሣሪያ የላቸውም። ያለው ትልቅ አውሮፕላንም ቢሆን ከመሬት 1,000 ጫማ ገደማ ሲወርድ መሣሪያው ትእዛዝ መስጠቱን ያቆማል፤ ‹ውረድ› ብሎ ከመሬት ጋር እንዳያጋጨው ነው። አስተውለው ከሆነ፣ ያ ከፍታ ሠልጣኞቹ የሚዞሩበት የሰርኪቱ ከፍታ ነው። ዝም የሚልበት ቦታና ብዙ የሚያስፈልግበት ቦታ አንድ ሆኖ ተገኘ።

በዚያ ላይ በሰማይ የሚበረው ሁሉ አውሮፕላን አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከዚሁ ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 በመነሣት ላይ ሳለ የእርግቦች መንጋ በሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብተውበት ሜዳ ላይ ወድቆ፣ ከ104 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 35ቱ ሞተዋል። እርግብ ትራንስፖንደር አይዝም፤ የጣና ዳር ደግሞ በእርግብም በይብራም የተሞላ ነው። እኔ ዛሬ ተራ ተሳፋሪ ሆኜ ከዚህ ስነሣ እንኳ፣ አውሮፕላኑ በማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ተራውን ሲጠብቅ፣ በመስኮቱ በኩል ሣሩንና ከዳር ያሉትን ዛፎች በ10 ዲግሪ፣ በ10 ዲግሪ ከፋፍዬ ስመለከት ጎኔ የተቀመጠው ሰው ምን እንደጠፋኝ ይጠይቀኛል።